ሰዓቱን ሳይሆን ክትትሉን እዩ፦ ቤት ድረስ የሚመጣው የኦቲዝም የባህርይ ሥልጠና ሲመዘን

በቤት ውስጥ የሚሰጠው የባህርይ ሥልጠና፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤቢኤ የሚባለው፣ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ገና ለተነገራቸው ወላጆች ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀርብላቸው አገልግሎት ነው። አቅራቢዎቹ በስምና በማስታወቂያ ይለያያሉ፤ የሚሸጡት ግን በአብዛኛው አንድ ነው፦ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ከልጁ ጋር የሚቀመጥ ቴራፒስት፣ ቴራፒስቱን የሚመራ ሱፐርቫይዘር፣ የመነሻ ግምገማ፣ በየጊዜው የሚታደስ ዕቅድ። እዚህ የምንመዝነው የአንድን ድርጅት ሥራ ሳይሆን አገልግሎቱን ራሱን ነው።

ፍርዱን ቀድመን እንናገር። በደንብ ሲመራ፣ በተለይ አፉን ላልፈታና ፍላጎቱን በለቅሶ ብቻ ለሚያሳውቅ ትንሽ ልጅ፣ የሚያወጡት ሁሉ የማይቆጭበት አገልግሎት ነው። በሰዓት ብዛት ብቻ ተቆጥሮ ሲሸጥ ግን ቤተሰቡን ያደክማል፣ ልጁን ያሰለቻል፣ የሚተርፈውም ወንበር ላይ ብቻ የሚታይ ዕውቀት ነው።

40 ሰዓት ከየት መጣ?

አቅራቢዎች አዘውትረው የሚጠሩት ቁጥር በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1987 ኢቫር ሎቫስ በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጥናት ነው። 19 ሕፃናት በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሠለጠኑ። 9ኙ መደበኛ አንደኛ ክፍል ገብተው ዘለቁ፤ የማሰብ ችሎታ መለኪያ ውጤታቸውም ከአማካዩ ክልል ገባ። ለማነጻጸሪያ ከተያዙት 40 ልጆች እዚያ የደረሰው አንድ ብቻ ነበር። ይህ በየማስታወቂያው ይጠቀሳል። ሁለት ነገር ግን አይጠቀስም፦ ልጆቹ በየቡድኑ የተመደቡት በዕጣ አልነበረም፤ ሥልጠናው ውስጥም ጮኾ “አይሆንም!” ማለትና አልፎ አልፎ ጭን ላይ መምታት ነበረበት። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ቴራፒስት በዚያው ሰዓት ከቤቱ ሊሰናበት ይገባል።

ኋላ የመጡት ጥናቶች ድምፃቸው ለዘብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመውና 28 ሕፃናት በዕጣ በተመደቡበት ጥናት፣ በሳምንት ወደ 25 ሰዓት የሠለጠኑት በማሰብ ችሎታ መለኪያ በለጡ፤ በልብስ መልበስ፣ በመመገብና በመሳሰለው የዕለት ኑሮ ክህሎት ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክራን ድርጅት ገምጋሚዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በ5 ጥናቶች ውስጥ ያሉ 219 ልጆችን አይተው የደረሱበት መደምደሚያ ጥቅሙ ይታያል፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሳሊ ሮጀርስና ባልደረቦቻቸው 87 ሕፃናትን ከፊሉን 15፣ ከፊሉን 25 ሰዓት በሳምንት አሠልጥነው ከዓመት በኋላ ሲለኩ፣ የሰዓቱ ብልጫ በአጠቃላይ ውጤቱ ላይ ለውጥ አላመጣም።

ዓይን ሊጣልበት የሚገባው ሌላ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ጄራልዲን ዶውሰንና ባልደረቦቻቸው ከ18 እስከ 30 ወር የሆናቸውን 48 ሕፃናት ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። ጨዋታን ከባህርይ ሥልጠና ጋር ያዋሐደውን ዘዴ ያገኙት ልጆች በማሰብ ችሎታ መለኪያው በአማካይ 17.6 ነጥብ ሲጨምሩ፣ ሌሎቹ 7 ነጥብ ጨመሩ። በዕቅዱ 20 ሰዓት ተይዞ የነበረ ቢሆንም፣ ቴራፒስቶቹ ከልጆቹ ጋር ያሳለፉት በሳምንት 15 ሰዓት ገደማ ነው። ወላጆቹ ደግሞ ያንኑ ዘዴ በምግብ፣ በገላ መታጠብና በጨዋታ ሰዓት በሳምንት 16 ሰዓት ያህል እንደተጠቀሙበት ተናግረዋል። ግማሹን ሥራ የሠራው ቤተሰቡ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ልጅ 40 ሰዓት ከሚሸጥላችሁ ይልቅ ከ10 እስከ 15 ሰዓት አቅርቦ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ሦስቱን ሰዓት እናንተን ለማሠልጠን የሚያውለው ይሻላል። የሁለት ዓመት ልጅ የቀን እንቅልፍ አለው፤ በሳምንት 40 ሰዓት ያንን እንቅልፍ ከየት ያመጣለታል?

ቴራፒስቱን ማን ያየዋል?

በዚህ አገልግሎት ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ይህ ነው፤ ወላጆች ሲዋዋሉ የሚረሱትም ይኸው ነው።

ከልጁ ጋር የሚቀመጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጀማሪ ነው። የባህርይ ተንታኞችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ቦርድ ለዚህ ደረጃ የሚጠይቀው ሥልጠና 40 ሰዓት ነው፤ ፈተናና የተግባር ምዘና ይከተለዋል። ዕቅዱን የሚያወጣው ሱፐርቫይዘር ግን ቢያንስ የማስተርስ ዲግሪ ያለውና በቁጥጥር ሥር ለረጅም ሰዓት የተለማመደ መሆን አለበት። ቦርዱ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የክትትል መጠን ቴራፒስቱ በወሩ ከሠራው ሰዓት 5 በመቶ ነው። በዘርፉ ጥሩ አሠራር ተብሎ የሚመከረው ደግሞ ለእያንዳንዱ 10 የሥልጠና ሰዓት 2 የሱፐርቫይዘር ሰዓት ነው። ልዩነቱን በሒሳብ እዩት፦ በሳምንት 20 ሰዓት ለሚሠለጥን ልጅ፣ በመጀመሪያው ስሌት ሱፐርቫይዘሩ በሳምንት 1 ሰዓት ሥራ ላይ ነው፤ በሁለተኛው 4 ሰዓት። ሁለቱም ውል ላይ “ክትትል አለው” ተብለው ይጻፋሉ።

ክትትል ሲባልም ወረቀት መፈረም አይደለም። ሱፐርቫይዘሩ ክፍሉ ውስጥ ወይም በቀጥታ ቪዲዮ ሆኖ ቴራፒስቱን ያያል፣ ያርማል፣ ራሱ ወለል ላይ ተቀምጦ አድርጎ ያሳያል። በወር ውስጥ ራሱ ከልጁ ጋር አንድም ጊዜ ያልሠራ ሱፐርቫይዘር የሚያውቀው ቁጥሮቹን እንጂ ልጁን አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ጥሩ ቴራፒስት በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ያስተማረ አይመስልም። አረፋ ይነፋል፣ ያወዛውዛል፣ ልጁ መኪና ሲደረድር ቀጣዩን መኪና ያቀብለዋል፣ ትእዛዝ አይሰጥም። ወላጅ “የምንከፍለው ለጨዋታ ነው እንዴ?” ብሎ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ይህ ሥራ ነው። ልጁ ሰውየውን ከደስታ ጋር እስኪያያይዘው ድረስ የሚሰጥ ትእዛዝ ሽሽትን ያስተምራል። መለኪያው ቀላል ነው፦ በሩ ሲንኳኳ ልጁ ወደ በሩ ይሮጣል ወይስ ወደ ጓዳ? በሦስተኛው ሳምንትም ወደ ጓዳ ከሆነ፣ ችግሩ ልጁ ላይ አይደለም።

ጎን ለጎን ግምገማው ይካሄዳል። በብዛት የሚሠራበት ቪቢ-ማፕ የተባለው መለኪያ ከልደት እስከ 48 ወር ያለውን ዕድገት በ3 ደረጃና በ170 ነጥቦች ይከፍላል፤ መማርን የሚያደናቅፉ 24 እንቅፋቶችንም ለብቻ ይመዘግባል። ወላጆች የሚደርሳቸው ባለቀለም ሠንጠረዥ ያምራል። ከሠንጠረዡ ይልቅ ግን ከእሱ የወጡትን ግቦች አንብቡ። “የመግባባት ችሎታው ይሻሻላል” የሚል ግብ ከንቱ ነው። “ሳይታገዝ፣ የተለያዩ 10 ነገሮችን በቃል ወይም በሥዕል፣ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ይጠይቃል” የሚል ግብ ሊቆጠር ይችላል። መቁጠር በሌለበት ውጤት መጠየቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

መጠየቅን ማስተማር

አገልግሎቱ ገንዘቡን የሚያስመሰግነው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርገን እንየው። ለማይናገር ልጅ የመጀመሪያው ትምህርት ቀለም መለየት፣ ቁጥር መቁጠር ወይም አፍንጫ ማሳየት መሆን የለበትም። የሚፈልገውን መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ የሚፈልገው ነገር ይታወቅ። ከ5 እስከ 7 መጫወቻዎች በአንድ መስመር ፊቱ ይደረደራሉ። አንዱን ያነሣል፣ ለ30 ሰከንድ ያህል ይጫወትበታል። ያ ነገር ይወጣና የቀሩት ቦታቸው ተቀያይሮ እንደገና ይቀርባሉ፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። የተመረጡበት ቅደም ተከተል የምርጫው ደረጃ ነው። ቦታ መቀያየሩ ግዴታ ነው፤ አንዳንድ ልጅ ዕቃውን ሳይሆን ቀኙን ብቻ ይመርጣልና። ትናንት የወደደውን ዛሬ ላይወድ ስለሚችል በየቀኑ ከሥራ በፊት በሦስት ዕቃ አጠር ያለ ድጋሚ ይደረጋል።

ከዚያ ተወዳጆቹ ነገሮች የሚታዩበት ግን የማይከፈቱበት ቦታ ይቀመጣሉ፦ ክዳኑ የጠበቀ ብርሃን የሚያሳልፍ ሣጥን፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ። ልጁ እጁን ሲዘረጋ አዋቂው ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይጠብቃል። ምልክት ካልሰጠ ወዲያው ያግዘዋል፦ ጣቱን ይዞ ያመለክታል፣ ወይም ሥዕሉን እንዲያቀብል እጁን ይመራዋል። ዕቃው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይሰጠዋል። የመዘግየት ዋጋው ከባድ ነው፤ 10 ሰከንድ ከቆየ ልጁ በመካከል ያጉረመረመው ወይም የዘለለው ነገር ነው የሚሸለመው። በየሙከራው እገዛው ከእጅ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ትከሻ እያለ ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ካልተፈጠረ ሰዓቱ ባክኗል።

የመጀመሪያዎቹ ቃላት ምርጫም ይታሰብበት። “ጨምር” እና “እባክህ” የሚሉትን ቀድሞ ማስተማር የተለመደ ስሕተት ነው። ልጁ ለሁሉም ነገር “ጨምር” ማለትን ይለምድና ምን እንደፈለገ ማንም አያውቅም፤ ሳይገባን ስንቀር ወደ ጩኸቱ ይመለሳል። “ውሃ”፣ “ኳስ”፣ “ክፈት” ይቅደሙ።

አማርኛ ለሚሰማ ልጅ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። አዋቂው ውሃ በሰጠ ቁጥር “ውሃ ትፈልጋለህ?” ካለ፣ ልጁ ሲጠማው “ትፈልጋለህ” ብሎ ይመጣል። ቃሉን ከውሃው ጋር ሰምቶታልና ከእሱ አንጻር አልተሳሳተም። መፍትሔው ከልጁ አፍ መውጣት ያለበትን ብቻ መናገር ነው፦ “ውሃ።” “ስጠኝ” እና “ስጪኝ” ቆይተው ይምጡ፤ ለእናትና ለአባት ግሡ ስለሚለዋወጥ ለጀማሪ ሁለት ትምህርት በአንድ ላይ ይሆንበታል። ቴራፒስቱ የቤቱን ቋንቋ የማይናገር ከሆነ “ልጁን በሁለት ቋንቋ አታደናግሩት” የሚል ምክር ይመጣ ይሆናል። አትቀበሉት። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደሚያዘገይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ከአያቱ ጋር መግባባት ማጣት ግን እውነተኛ ጉዳት ነው።

ሥዕል ማቀበል ንግግርን ይከለክላል የሚለው ፍርሃትም መሠረት የለውም። ፔክስ የሚባለው የሥዕል ልውውጥ ዘዴ 6 ደረጃዎች አሉት፤ በመጀመሪያው ደረጃ ሁለት አዋቂ ያስፈልጋል። አንዱ ከፊት ተወዳጁን ነገር ይዞ መዳፉን ይዘረጋል፤ ሌላው ከኋላ ሆኖ ምንም ሳይናገር የልጁን እጅ ይመራል። ከፊት ያለው “ምን ትፈልጋለህ?” ብሎ መጠየቅ የለበትም፤ ልጁ ካልተጠየቀ የማይጠይቅ ሆኖ ይቀራልና። አንድ ቴራፒስት ብቻውን ይህን ደረጃ ሲያስተምር ካያችሁ፣ ዘዴውን በስም ነው የሚያውቀው። ሁለተኛዋ ሰው እናት ወይም ታላቅ እህት ብትሆን ይበቃል።

ወንበር ላይ

ልጁ ከቴራፒስቱ ፊት ተቀምጦ የሚማርበት የወንበር ሥራ አምስት ክፍል አለው፦ አጭር ትእዛዝ፣ ካስፈለገ እገዛ፣ የልጁ መልስ፣ ውጤቱ፣ ከዚያም ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ፋታ። ትእዛዙ አንዴ ብቻ ይነገራል። “ንካ... ንካ አልኩህ... ኳሱን ንካ” እያሉ ሦስቴ መደጋገም ልጁን ሦስተኛውን እንዲጠብቅ ያሠለጥነዋል። ሲሳሳት ዝም ብሎ እንዲደግም ማድረግ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ጥያቄው እንደገና ከሙሉ እገዛ ጋር ይቀርባል፣ ሁለት ሦስት የሚያውቃቸው ቀላል ነገሮች መካከል ይገባሉ፣ ከዚያ ያለ እገዛ ይሞከራል። ከ10 ጥያቄ 7 ወይም 8ቱ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ይሁኑ። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ተቀምጦ መነሣት በቂ ነው።

ብልሽቱ ጥቃቅን ቦታ ላይ ነው የሚደበቀው። ቴራፒስቱ ትክክለኛውን ዕቃ ሁልጊዜ ወደ ራሱ አቅርቦ ያስቀምጣል፤ ወይም ሳያውቀው ወደ እሱ ያያል፤ ልጁም ቃሉን ሳይሆን የሰውየውን ዓይን ያነብባል። ወረቀቱ ላይ 100 በመቶ ተጽፎ፣ እናት ኩሽና ውስጥ “ማንኪያ አምጣ” ስትል ልጁ ግራ ተጋብቶ ይቆማል። ፈተናው በእጃችሁ ነው፦ “ተምሯል” የተባለውን ነገር በሌላ ክፍል፣ በሌላ ዕቃ፣ በጠዋት፣ ያለ ልምምድ አንዴ ጠይቁ። የታመነ የማለፊያ መስፈርት ከ80 እስከ 90 በመቶ ትክክል፣ በሁለት ሦስት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ፣ ቢያንስ ከሁለት ሰው ጋር መሆን አለበት። ውላችሁ ውስጥ “ከወላጅ ጋርም” የሚል ሐረግ ቢጨመር ደግሞ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ሽልማት ላይም ስሕተት አለ። ሁሉንም ነገር በአንድ ዓይነት ድምፅ “ጎበዝ!” ማለት ከጥቂት ቀን በኋላ ጫጫታ ብቻ ነው። ራሱን ችሎ ለመለሰው ትልቁ ሽልማት፣ ታግዞ ለመለሰው አነስ ያለው ይሰጥ። ምግብ ሽልማት ከሆነ እንደ አተር ፍሬ ያነሰ፣ በቀላሉ የሚሟሟ ቁራሽ ይሁን፤ ልጁ እየሮጠ ወይም እያለቀሰ አይሰጠው፣ ትንታ ያመጣልና። ስልክ ለሽልማት ከዋለ ሲወሰድ የሚመጣውን ለቅሶ አብራችሁ ቁጠሩት።

ጩኸት ሲመጣ

ብዙ ወላጅ ወደዚህ አገልግሎት የሚመጣው በጩኸት፣ በመናከስ፣ ራስን መሬት ላይ በመጣል ተማርሮ ነው። ጥሩ ባለሙያ “እንዴት እናስቆመው” ከማለቱ በፊት “ምን ያስገኝለታል” ይላል። መልሱ ከአራቱ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ነው፦ የሰው ትኩረት፣ የሚፈለግ ዕቃ፣ ከማይፈለግ ነገር ማምለጥ፣ ወይም የራሱ የሰውነት ስሜት። ይህን ለማወቅ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በሦስት ዓምድ ይጻፋል፦ ከዚያ በፊት ምን ሆነ፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ወዲያው ምን ተከተለ። “ያለ ምክንያት ጮኸ” የሚል መዝገብ ካያችሁ ጸሐፊው የመጀመሪያውን ዓምድ አላየም ማለት ነው።

ምክንያቱን ሳያውቁ መፍትሔ መስጠት የሚያደርሰውን እዩ። ልጅቷ የምትጮኸው ትኩረት ፈልጋ ከሆነ ዝም ማለት ይሠራል። ከሥራው ለማምለጥ ከሆነ ግን ዝም ብሎ መተው ፍላጎቷን መሙላት ነው፤ ጥግ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ፣ ቅጣቱ ዕረፍት ሆነላት። ጥርሷን ወይም ጆሮዋን አሟት ከሆነ፣ የሆድ ድርቀት ይዟት ከሆነ ሁለቱም ጭካኔ ነው። በድንገት የጀመረ ወይም የባሰበት ባህርይ ቀድሞ ሐኪም ይየው።

ዝም ማለት ትክክለኛው መንገድ በሚሆንበት ጊዜም ጩኸቱ ከመቀነሱ በፊት ሊብስ ይችላል። አምስት ደቂቃ የነበረው ሃያ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ በዚያ ጫፍ ላይ “በቃ ስጧት” ካለ፣ የተማረችው ነገር “የሚሠራው የሃያ ደቂቃው ጩኸት ነው” የሚል ነው። ስለዚህ አያትም፣ ሠራተኛም፣ ታላቅ ወንድምም ሳይስማሙ አይጀመር። ራሷን የምትመታ፣ ጭንቅላቷን ከግድግዳ የምታጋጭ ከሆነ ደግሞ ዝም ማለት አማራጭ አይደለም፤ በአካል የሚከታተል ልምድ ያለው ባለሙያና ሐኪም ያስፈልጋል።

ማጥፋቱ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ተመራማሪዎቹ ካር እና ዱራንድ ያሳዩት ዘዴ ዛሬም የዚህ አገልግሎት ምርጥ ክፍል ነው፦ ጩኸቱ የሚያስገኘውን ያንኑ ነገር በቀለለ መንገድ እንዲያገኝ ማስተማር። ለማምለጥ የሚጮኽ ልጅ “ዕረፍት” የሚል ካርድ ማቀበልን ይማራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካርዱን ባቀበለ ቁጥር፣ መቶ ጊዜም ቢሆን፣ ዕረፍቱ ይሰጠዋል፤ አዲሱ መንገድ ከጩኸቱ ፈጥኖ ካልሠራ የትኛውም ልጅ አይቀይርም። ከዚያ በኋላ “አንድ ነገር ሠርተህ ዕረፍት”፣ ቀጥሎ ሁለት እያለ ይዘልቃል። ቴራፒስቶች የሚቸኩሉት እዚህ ነው፤ በሦስተኛው ቀን አምስት ሥራ ይጠይቁና ዘዴው አልሠራም ይላሉ።

የማንደራደርባቸው

ሥልጠናውን በልጅነታቸው ያለፉ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ያቀረቡት ወቀሳ ቀላል አይደለም፤ ሰው መስሎ ለመታየት ራስን መደበቅ ተማርን፣ ደከምን ይላሉ። ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ “ለ5 ሰከንድ ዓይን ማየት” ወይም “እጅ አለማርገብገብ” የሚል ግብ ካለ ይሰረዝ። እጅ ማርገብገብ ማንንም አይጎዳም፤ ብዙ ልጆች የሚረጋጉበት ነው። ሽልማቱ ውድ እንዲሆን ተብሎ ምግብ ወይም ውሃ መንፈግም ክልክል ነው። በር ዘግቶ ወላጅን ማስወጣት፣ የሚያለቅስን ልጅ ወንበር ላይ በጉልበት ይዞ ማስቀመጥ፣ “እንቢ” ማለትን የማያከብር አሠራር፣ ሁሉም ውል ማፍረሻ ናቸው። “አልፈልግም” ማለት ለዚህ ልጅ መማር ካለበት ንግግር አንዱ ነው፤ ኋላ ሰውነቱን የሚጠብቅበት እሱ ነውና።

ሙሉው አገልግሎት ካልተቻለ

ወላጅን ብቻ የሚያሠለጥን አጭር አገልግሎት አለ፦ ባለሙያው በሳምንት አንድ ሁለት ሰዓት ይመጣል ወይም በቪዲዮ ይገናኛል፣ ወላጁ ከልጁ ጋር ሲጫወት እያየ ያርማል። በቪዲዮ መሆኑ እንደሚፈራው አይጎዳም፤ እንዲያውም ባለሙያው እጁን ማስገባት ስለማይችል ወላጁ ራሱ ሠርቶ ይማራል። ስልኩ ወለሉ ላይ ያለውን ልጅ እንዲያሳይ ዝቅ ብሎ መቀመጡን፣ ወላጁም በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ማድረጉን አትርሱ። ራስን ለሚጎዳ ልጅ ግን ይህ አይበቃም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ሥልጠና ደግሞ ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ልጆች ቤተሰቦች የታሰበ ነው፤ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህም በኢንተርኔት በነፃ የሚወሰድ ቅጂ ወጥቶለታል። አብሮ መጫወትን፣ መግባባትን፣ አስቸጋሪ ባህርይንና የወላጁን የራሱን ድካም ይነካል። ጥንካሬው ቀላልነቱ ነው። ድክመቱ ደግሞ ለብቻ ሲወሰድ የሚያርማችሁ ሰው አለመኖሩ ነው፤ እገዛን ቶሎ አለመቀነስን የመሰለ ስሕተት ራስን በራስ አይታይም። የ5 ደቂቃ ጨዋታ ቀርጾ ማየት በከፊል ይረዳል፦ ስንት ጊዜ ጠየቃችሁ፣ ስንት ጊዜ ጠበቃችሁ፣ ልጁ ስንት ጊዜ ቀድሞ ጀመረ፤ ሦስቱን ቁጠሩ። አብዛኛው ወላጅ በመጀመሪያው ቪዲዮ የጥያቄው ብዛት ያስደነግጠዋል።

ከመፈረም በፊት

ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። ሱፐርቫይዘሩ በሳምንት ስንት ሰዓት ልጁን በዓይኑ ያያል፣ ሌሎች ስንት ልጆችስ ይዟል? ቴራፒስት ሲቀየር፣ መቀየሩ አይቀርምና፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ስንት ክፍለ ጊዜ አብሮ ይቀመጣል? የዕለቱ መዝገብ የማን ነው፣ በየትኛው ቀን ይደርሰናል? አንድ ግብ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ ምን ይቀየራል? ለመጨረሻው “ልጁ ጊዜ ይፈልጋል” የሚል መልስ ከተሰጣችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ትክክለኛው መልስ እገዛው፣ ሽልማቱ ወይም የትምህርቱ እርምጃ ይቀየራል የሚል ነው።

መውጫውም ከመግቢያው ጋር ይጻፍ። ሰዓቱ በምን ሁኔታ ከ15 ወደ 8፣ ከ8 ወደ ወር አንድ ጊዜ ይወርዳል የሚለው በግብ ይገለጽ። አገልግሎቱ ሲያበቃ እጃችሁ ላይ መቅረት ያለባቸው ሦስት ወረቀቶች ናቸው፦ ልጁ ሳይታገዝ የሚጠይቃቸው ነገሮችና የሚጠቀምበት መንገድ ዝርዝር፤ ጩኸት ሲመጣ የሚደረገው በአንድ ገጽ፣ አስተማሪም አያትም በሚረዱት ቋንቋ፤ እና ያልሠሩ ዘዴዎች መዝገብ። ሦስተኛውን ማንም በፈቃዱ አይሰጥም፤ ተከታዩ ባለሙያ የሚቀበለው ግን እሱን ቀድሞ ነው።